የሴት ልጅ ፂም፦ ከየት ይመጣል? ምንስ ይደረግለታል?

አገጭ ላይ የሚወጣን ወፍራም ጥቁር ፀጉር ብዙ ሴቶች ከባላቸውም፣ ከእናታቸውም፣ ከሐኪማቸውም ይደብቁታል። ጠዋት በር ተዘግቶ በወረንጦ ይነቀላል። ሰው ጠጋ ብሎ ሲያወራቸው እጃቸው ሳያውቁት ወደ አገጫቸው ይሄዳል። ይህ የደረሰባት ሴት ሁሉ እሷ ላይ ብቻ የመጣ ነገር ይመስላታል። ግን አይደለም። መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ላይ ካሉ 100 ሴቶች ውስጥ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይታያል።

ሕክምናም አለው፤ ያውም ብዙ ዓይነት። ሆኖም ብዙዎች ጀምረው ተስፋ ቆርጠው ይተውታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሕክምናው አይደለም። የወጣውን ፀጉር ማስወገድ አንድ ሥራ ነው። ገና ሊወጣ ያለውን ማስቆም ሌላ ሥራ ነው። ሌዘር የመጀመሪያውን ይሠራል፤ ኪኒን ሁለተኛውን። አንዱን ብቻ ይዞ የሁለቱንም ውጤት መጠበቅ ነው ሰውን የሚያደክመው፣ ገንዘቡንም የሚበላው።

የሚያሳስበው የቱ ፀጉር ነው?

ሁላችንም ፊታችን ላይ ለስላሳ፣ ቀጭን፣ ቀለሙ እምብዛም የማይታይ ፀጉር አለን። እሱ የጤና ነው። እጅና ቅልጥም ላይ የሚበዛውም በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው። እዚህ የምናወራው ወንዶች ፀጉር በሚያወጡበት ቦታ ላይ፣ ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣው ነው።

ሐኪሞች ዘጠኝ ቦታ ያያሉ። የላይኛው ከንፈር፣ አገጭ፣ ደረት፣ ከእምብርት በላይና በታች፣ የጀርባ ላይኛውና ታችኛው ክፍል፣ የላይኛው ክንድ እና ጭን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጡና ይደምሩታል። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተዋወቁት ፌሪማን እና ጋልዌይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ድምሩ 36 ሊደርስ ይችላል። ለጥቁርም ለነጭም ሴቶች በተለምዶ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል።

ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይናገርም። ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት ሙልጭ አድርጋ የተላጨች ሴት ነጥቧ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ወይ ጥቂት ቀን ሳትነኩት ሂዱ፣ ወይ ደግሞ ያደገበትን ጊዜ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ነጥቡ 5 ሆኖ የምትጨነቅ ሴት ካለችም ጭንቀቷ በቂ ምክንያት ነው፤ ሕክምና ይገባታል።

ከየት ይመጣል?

የሴት ሰውነትም የወንድ ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮን ያመርታል። ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው፣ እና ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ናቸው የሚያመነጩት፤ መጠኑ ከወንድ በጣም ያነሰ ነው። ቆዳችን ውስጥ ደግሞ ይህን ቴስቶስትሮን ዲኤችቲ ወደሚባል የበለጠ ኃይለኛ ሆርሞን የሚቀይር ኢንዛይም አለ። ዲኤችቲ የፀጉሩን ሥር ሲያገኘው ያ ለስላሳ ፀጉር ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ይጠቁራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ፀጉሩ የሚወጣው ሆርሞኑ ስለበዛ ብቻ አይደለም። የፀጉሩ ሥር ለሆርሞኑ ስሜታዊ ስለሆነም ይመጣል። የደም ውጤታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከሁለት እህትማማቾች አንዷ ፂም ልታወጣ፣ ሌላዋ ምንም ላይኖርባት ይችላል። ሁለተኛ፣ አንዴ ወፍራም ማብቀል የለመደ ሥር ሆርሞኑ ስለቀነሰ ብቻ ወደ ቀድሞው ቶሎ አይመለስም። ኪኒን እየወሰዱ "ያለው ፀጉር አልጠፋም" የሚሉ ሴቶች መልሱ እዚህ ጋ ነው።

በብዛት ከዚህ ፀጉር ጀርባ ያለው ምክንያት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባል የሆርሞን መዛባት ነው፤ ሐኪሞቻችን በአጭሩ ፒሲኦኤስ ይሉታል። ከዚህ ችግር ጋር ከሚመጡ 10 ሴቶች ውስጥ ሰባት ስምንቱ ይህ ነው ያለባቸው። የወር አበባ ይዛባል፤ ሁለት ሦስት ወር ይዘላል። ብጉር ይወጣል። የራስ ፀጉር ይሳሳል። አንገት ጀርባና ብብት ላይ ቆዳው ወፈር ብሎ ይጠቁራል፤ ብዙ ሴቶች ይህን እድፍ መስሏቸው ሲፈትጉት ይኖራሉ። እድፍ አይደለም። ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ እየታዘዘ አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ኢንሱሊን ሲበዛ ኦቫሪ ተጨማሪ ቴስቶስትሮን እንዲያመርት ይገፋፋዋል። ክብደት ይህን ያባብሰዋል፤ ነገር ግን ቀጫጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል።

አልትራሳውንድ ላይ "ሲስት አለብሽ" ተብለው ደንግጠው የሚወጡ ብዙ ናቸው። በፒሲኦኤስ ጊዜ የሚታዩት ነገሮች ለመውጣት ጀምረው በመሀል የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ኦፕራሲዮን አያስፈልጋቸውም። ካንሰርም አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ፒሲኦኤስ ካለባቸው ሴቶች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም።

የተወሰኑ ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸውም የደም ውጤታቸውም ልክ ሆኖ ፀጉሩ ግን ይወጣል። እናትም አክስትም እንዲሁ ነበሩ። እነሱ ምንም በሽታ የለባቸውም፤ የቆዳቸው ተፈጥሮ ነው። ሕክምናው ግን ለእነሱም ይሠራል። ጥቂቶች ላይ አብሯቸው የተወለደ መለስተኛ የአድሬናል እጢ የኢንዛይም ጉድለት ይገኛል። ካረጡ በኋላ አገጭ ላይ አንድ ሁለት ፀጉር ማውጣት የተለመደ ነው።

መቸኮል የሚያስፈልገው መቼ ነው? ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ግንባር ግራና ቀኝ እንደ ወንድ ከተመለጠ፣ ቂንጥር ካደገ። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ኦቫሪ ወይም አድሬናል ላይ ሆርሞን የሚያመርት ዕባጭ (ቲዩመር) ሊኖር ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ይህ የፀጉር ችግር ካለባቸው 1,000 ሴቶች ሁለት ያህሉ ላይ ነው የሚገኘው። ግን ቀጠሮ እስኪደርስ ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

ስለምንቀባው ነገር

ይህን ለብቻው ያደረግሁት ስለሚያንገበግበኝ ነው። ማድያት ወጣብኝ ብላ ወይም ፊቷን ለማቅላት ብላ ፋርማሲ የገባች ሴት ያለ ማዘዣ አንዲት ትንሽ ቲዩብ ይዛ ትወጣለች። ውስጡ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ነው፤ ሁለቱም ኃይለኛ ስቴሮይድ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ ይጠራል፣ ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይላታል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ጉንጯና አገጯ ላይም ፀጉር ይበቅላል።

ይህ ፀጉር ከኦቫሪ ጋር ግንኙነት የለውም። ክሬሙ ራሱ ነው ያመጣው። ሌዘር ብትሠራ፣ ኪኒን ብትውጥ፣ ቅባቱ ካልቆመ ድካም ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀላቅለው በብልቃጥ የሚሸጡ ስም የሌላቸው ክሬሞችም ውስጣቸው ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለባቸው። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመች ሴት በአንድ ቀን ስታቆመው ፊቷ ሊቃጠልና ሊቀላ ይችላል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪም እያያት ብታቆም ይሻላል። ጥሩው ዜና፣ ካቆሙ በኋላ በዚህ ምክንያት የመጣው ፀጉር በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለራስ ፀጉር መሳሳት የሚቀባው ሚኖክሲዲልም ግንባርና ጉንጭ ላይ ፀጉር ሊያወጣ ይችላል፤ በተለይ ማታ ተቀብቶ ትራስ ላይ ሲነካካ። ከሚዋጡት ደግሞ ዳናዞል፣ ጡንቻ ለመገንባት የሚወሰዱ ሆርሞኖች፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤትም ይጠረጠራሉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። አማራጭ ካለ ሐኪሙ ይቀይረዋል።

ምን ምርመራ ይበቃል?

ላብራቶሪ ሄዳችሁ ያለውን ሆርሞን ሁሉ መመርመር አይጠበቅባችሁም። መነሻው የቴስቶስትሮን መጠን ነው። የወር አበባ ከተዛባ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ይጨመራል። የአድሬናሉ ጉድለት ከተጠረጠረ በጠዋት በሚቀዳ ደም የሚሠራ 17 ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል ምርመራ አለ። የስኳር ምርመራም ቢደረግ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ እንደሚለው የወር አበባ መዛባት እና የፀጉር መብዛት አብረው ካሉ፣ ሌሎቹ በሽታዎች አለመኖራቸው ከተረጋገጠ፣ ፒሲኦኤስን ለማወቅ አልትራሳውንድ የግድ አይደለም። ይህን ማወቅ ለኪስም ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፤ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እየወሰዳችሁ የሚሠራ የቴስቶስትሮን ምርመራ እውነተኛውን መጠን አያሳይም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

መላጨት ፀጉርን አያበዛም፣ አያወፍርም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1928 ጭምር በጥናት የታየ ነው። የፀጉር ጫፍ በተፈጥሮው ቀጭን ነው። ምላጭ መሀሉን ሲቆርጠው ወፍራሙ ክፍል ይቀርና እጅ ላይ ይሻክራል። ሥሩ ግን ከቆዳ በታች ነው፤ ምላጩ መድረሱንም አያውቅም። "ፂምሽን ከተላጨሽ ጉድ ይፈላል" የሚለው ፍርሃት ስንቱን ሴት በወረንጦ ሲያሰቃይ ኖሯል።

እንዲያውም ለእኛ ቆዳ ከመንቀል መላጨት ይሻላል። በወረንጦ፣ በክር ወይም በዋክስ የተነቀለ ፀጉር እንደገና ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይጠመዘዝና ቆዳ ውስጥ ይቀራል። ቦታው ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ ከዚያ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። አገጫቸው በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ሴቶችን ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ያ ነጠብጣብ የመጣው ከፀጉሩ ሳይሆን ከመንቀሉ ነው። ቁስሉ ከፍ ብሎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ በዘራችሁ ካለ ደግሞ የባሰ መጠንቀቅ ይገባል። ስትላጩ ቆዳውን በሞቀ ውኃ አርጥቡ፣ አዲስ ምላጭ ተጠቀሙ፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ላጩ።

ፀጉር የሚያሟሟው ክሬም ይሠራል፤ ግን ፊት ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት፤ ያቃጥላል። "ፀጉር ያጠፋል" ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና የቅጠል ጭማቂዎች ፊት ያቃጥሉ እንደሆነ እንጂ ሥሩን አያጠፉም። ናና ሻይስ? ትንንሽ ጥናቶች ቴስቶስትሮንን በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ አይተዋል። በሐኪም ዓይን የሚታይ የፀጉር ለውጥ ግን አልተገኘም። ለጣዕሙ ጠጡት።

ሌዘር፦ ጥያቄው የማሽኑ ዓይነት ነው

ሌዘር የሚሠራው ጥቁር ነገር ብርሃን ስለሚስብ ነው። ፀሐይ ላይ ጥቁር ልብስ ከነጭ ይልቅ እንደሚግለው ሁሉ፣ በፀጉሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ይውጥና ይግላል፤ ሙቀቱም ሥሩን ይጎዳዋል። ችግሩ እኛ ቆዳችንም ውስጥ ያው ቀለም አለን። ማሽኑ ካልተመረጠ ፀጉሩን ትቶ ቆዳውን ያቃጥላል።

የቆዳ ሐኪሞች ቆዳን በቀለሙ ከ1 (በጣም ነጭ) እስከ 6 (በጣም ጥቁር) ይከፍሉታል። አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነን። ለዚህ ቆዳ ይበልጥ አስተማማኝ የሚባለው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1,064 ናኖሜትር ነው። ረጅም ስለሆነ ላይ ላዩን ያለውን ቀለም አልፎ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ጥሩ ማቀዝቀዣ ያለውና በልምድ የሚሠራበት ዳዮድ የሚባለው ሌዘርም ይቻላል። አሌክሳንድራይት የሚባለው፣ 755 ናኖሜትሩ፣ ነጭ ቆዳ ላይ ግሩም ነው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን አደጋ አለው። በብርሃን ብልጭታ የሚሠራው አይፒኤል ደግሞ ሌዘር እንኳ አይደለም፤ ለእኛ ባይነካ ይሻላል። ዱባይም ሁኑ ሪያድ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ከዋጋው በፊት "ማሽናችሁ ምን ዓይነት ነው? እንደኔ ዓይነት ቆዳ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚሸሽ ቤት ከሆነ ውጡ። ከውጭ ዘመድ በሻንጣ የሚልካቸው የቤት ውስጥ ማሽኖችም አብዛኞቹ አይፒኤል ናቸው። ካርቶናቸው ላይ ያለውን የቆዳ ቀለም ሰንጠረዥ አንብቡ፤ ለጥቁር ቆዳ እንደማይሆኑ ብዙዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ መንቀል ይቆማል፤ ሥሩ ከሌለ ሌዘሩ የሚመታው ነገር የለውም። መላጨት ግን ይቻላል፤ እንዲያውም በዋዜማው ተላጭታችሁ ነው የምትሄዱት። የዓይን መሸፈኛ ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን ጆሮ ሥር አካባቢ ትንሽ ቦታ ተሞክሮ፣ ቆዳው ምን እንደሚል ለማየት ቀጠሮ ቢሰጣችሁ ጥሩ ባለሙያ አግኝታችኋል። ሲሠራ ላስቲክ ቆዳ ላይ ሲለቀቅ እንደሚሰማው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ያረረ ፀጉር ይሸታል። ቦታው ለጥቂት ሰዓት እብጥ እብጥ ይላል። ፀጉሩ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በሚቀጥሉት አንድ እስከ ሦስት ሳምንታት እየተገፋ ይወድቃል።

ፊት ላይ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይደገማል። ብዙ ሴቶች ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያም በዓመት አንድ ሁለቴ። "ለዘላለም ይጠፋል" የሚል ማስታወቂያ አትመኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንኳ ለሌዘር የፈቀደው አባባል ዘላቂ መቀነስ የሚለውን ነው። በመሀል ፀሐይ መጠንቀቅ፣ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ግድ ነው። ነጭና ቀላ ያለ ፀጉር ላይ አይሠራም። አልፎ አልፎ ደግሞ፣ በተለይ ፊትና አንገት ላይ፣ ሌዘሩ ፀጉሩን ጭራሽ ሊያበዛው ይችላል። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ እየባሰ ከመጣ "ቀጥይ" ስላሏችሁ ብቻ አትቀጥሉ።

ፒሲኦኤስ እያለባት ሆርሞኑን ሳትታከም ሌዘር የምትሠራ ሴት ገንዘቧን ቶሎ ትጨርሳለች። የተመታው ሥር ይሞታል፤ ጎኑ ያለው ለስላሳ ፀጉር ደግሞ በወሩ ተራውን ይወፍራል።

ኤሌክትሮሊሲስ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1875 አንድ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ወደ ውስጥ የሚያድግ የዓይን ሽፋሽፍትን ለማጥፋት የተጠቀመበት ነው። ቀጭን መርፌ በእያንዳንዱ ፀጉር ሥር ይገባና በኤሌክትሪክ ይገደላል። ለማንኛውም የፀጉር ቀለም ይሆናል፤ ነጭ ፀጉር ላወጡ እናቶችም ጭምር። አንድ በአንድ ስለሆነ አሰልቺ ነው፤ አገጭ ላይ ላሉ ጥቂት ፀጉሮች እንጂ ለሰፊ ቦታ አይመከርም። መርፌው አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ኤፍሎርኒቲን የሚባል የፊት ክሬምም አለ። ታሪኩ ያስገርማል። መድኃኒቱ በፀፀ ዝንብ የሚተላለፈውን የእንቅልፍ በሽታ የሚያድን መርፌ ነበር፤ ተውሳኩ ከብቶቻችን ላይ ገንዲ የሚያመጣው ዘመድ ነው። ታማሚዎቹ ድሆች ስለነበሩ አያዋጣም ተብሎ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ለሴቶች የፊት ፀጉር በክሬም መልክ ሲፈቀድ ጩኸት ተነሣ። በ2001 በተደረገ ስምምነት መርፌውም ተመልሶ ለአፍሪካ መመረት ጀመረ። ክሬሙ ፀጉሩን አይነቅልም፤ እድገቱን ያዘገየዋል። በቀን ሁለቴ ይቀባል፣ ለውጡ በስምንት ሳምንት አካባቢ ይታያል፣ ሲቆም ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ፀጉሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ከሌዘር ጋር አብሮ ሲሆን የበለጠ ይረዳል።

የሚዋጡት መድኃኒቶች

አሁን ማርገዝ ለማትፈልግ ሴት የመጀመሪያው ምርጫ ሁለት ሆርሞን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ነው። ኦቫሪ የሚያመርተውን ቴስቶስትሮን ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲንም ያበዛል። ውዱ ከርካሹ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለፀጉር ሕክምና አንዱ ኪኒን ከሌላው ይሻላል አላለም። ጤና ጣቢያ የሚገኘው ተራ ኪኒንም ይሠራል።

የሦስት ወር መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ግን እንደዚህ አይደሉም። በውስጣቸው ያለው አንድ ሆርሞን ብቻ ነው። ለእርግዝና መከላከያነት ጎበዞች ናቸው፤ ለፀጉር ተብለው ግን አይታዘዙም። በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንዲያውም ብጉርና ፀጉር ሊያመጡ ይችላሉ። እኛ ጋ በጣም የተለመዱት እነዚህ ስለሆኑ "መከላከያ እየተጠቀምኩ ፀጉሩ ለምን አልቀነሰም?" የምትል ሴት መጀመሪያ የትኛውን እንደምትጠቀም ታስብ።

ያላገባች ልጅ ቦርሳ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ ሲገኝ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እናቶች፣ እባካችሁ ልጃችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት ጠይቋት። ለፂም፣ ለብጉር፣ ለተዛባ የወር አበባ በሐኪም የታዘዘ ሊሆን ይችላል። መካንም አያደርግም። ስታቆመው የመውለድ አቅሟ ይመለሳል።

ሁሉም ሴት ግን አትወስደውም። እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ራስ ምታቷ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚታያት፣ ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ የጡት ካንሰር የያዛት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፣ በቅርቡ የወለደች ሴት ከሐኪም ጋር ሌላ መንገድ ትፈልግ።

ከስድስት ወር በኋላ ለውጡ ካልበቃ ስፓይሮኖላክቶን ይጨመራል። ለልብና ለጉበት ሕሙማን ውኃ ለማስወጣት የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። የፀጉሩ ሥር ቴስቶስትሮንን እንዳይቀበል ያግደዋል። ብዙ ጊዜ በቀን በ50 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 100፣ አንዳንዴም ወደ 200 ይወጣል። ሽንት ያበዛል፣ ሲነሡ ያዞራል፣ ለብቻው ሲወሰድ የወር አበባ ያዛባል፣ ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለግፊት ኢናላፕሪል የምትወስዱ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳትነኩት።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበላችሁ። ስፓይሮኖላክቶንም ሆነ ፊናስተራይድ የሚባለው ሌላው አማራጭ በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም። ፅንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱን አፈጣጠር ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ማርገዝ የምትችል ሴት ከአስተማማኝ መከላከያ ጋር ብቻ ነው የምትወስዳቸው፤ ልጅ ስትፈልግም አስቀድማ ሐኪሟን አማክራ ታቆማለች። ፍሉታማይድ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ለዚህ ጉዳይ አይመከርም።

ሜትፎርሚን ለፒሲኦኤስ በብዛት ይታዘዛል። ለስኳሩና ለወር አበባው ይረዳል። አገጭ ላይ ያለውን ፀጉር ግን እምብዛም አይነካውም፤ ለዚያ ብላችሁ ከጀመራችሁት ታዝናላችሁ። ክብደት የጨመረች ሴት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል ይችላል፣ ማርገዝም ይቀላታል። ፀጉሩ ላይ ያለው ለውጥ ግን መጠነኛ ነው። "መጀመሪያ ክብደት ቀንሺና ነይ" ብሎ ሴትን መመለስ ተገቢ ሕክምና አይመስለኝም። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ትዕግሥት የሚፈልግ ነገር ነው። አንድ ፀጉር በቅሎ፣ አድጎ እስኪወድቅ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የትኛውም ኪኒን ከስድስት ወር በፊት "አልሠራም" አይባልም። በዚህ መሀል ተላጩ፣ ሌዘሩን ሥሩ፣ ማንም ጠብቁ አላላችሁም። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ መስታወት በየቀኑ ሲያዩት ለውጡን ይደብቃል። መድኃኒቱ ሲቆም ፀጉሩ ቀስ እያለ ሊመለስ እንደሚችልም እወቁ።

ፒሲኦኤስ ካላችሁ ከፀጉሩ የበለጠ የማይረሳ ነገር አለ። የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ሳይመጣ መቆየት የለበትም። የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ ሳይታጠብ እየወፈረ ሲሄድ ለዓመታት ከቆየ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። "አልመጣም፣ ተገላገልኩ" አትበሉ። እንዲመጣ የሚያደርግ መድኃኒት አለ። ልጅ ለሚፈልጉም ሌትሮዞልን የመሰለ እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ ሕክምና አለ፤ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ።

የወር አበባችሁ ከተዛባ መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ወይም የሆርሞን ሐኪም ጋ ሂዱ። የወር አበባው ልክ ከሆነ ወይም ክሬም ስትቀቡ ከኖራችሁ የቆዳ ሐኪም ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ በቆዳ ሕክምና የታወቁ የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። ስትሄዱ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ወራት የወር አበባ ቀኖች ጽፋችሁ፣ የምትቀቡትን ክሬምና የምትውጡትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ፣ ፀጉሩ ያደገበትን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በቅርብ ማርገዝ ታስቡ እንደሆነም ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ ንገሩት፤ ማዘዣው ላይ የሚጻፈውን መድኃኒት የሚወስነው ይህ መልሳችሁ ነው።